አሻጋሪውና ጠረጴዛ 17

በየመስሪያ ቤቱ፣ ሌላው ሁሉ ሞቷል ያለውን ነገር "አልሞተም" ብሎ የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ። የለም የሚል ካለ የገዛ መስሪያ ቤቱን ጓዳ በደንብ አላየም ማለት ነው። አንዱ ሪባኑ ያለቀ የጽሕፈት መኪና ይጠብቃል። ሌላዋ ቁልፉ ከጠፋ ዘመን ያስቆጠረ ካዝና በየሳምንቱ ትወለውላለች። እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ መለየት ቀላል ነው። ኪሱ ውስጥ ከየት እንደወለቀች የማትታወቅ አንዲት ብሎን አትጠፋም፤ "እንዴት ነህ?" ስትሉትም የሚነግራችሁ የራሱን ሳይሆን የዚያን ነገር ጤንነት ነው።

የእኛም መስሪያ ቤት ከዚህ በረከት አልጎደለበትም። እኛ የወንዞችን ከፍታና የዝናብን መጠን እየለካን የምንመዘግብ ሰዎች ነን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ክፍል 9 ውስጥ፣ ክቡር አሻጋሪው ይገኛሉ። የመዝገብ ስማቸውን የሰው ኃይል ክፍል ያውቀዋል፤ እኛ ግን ከጥበቃው እስከ ኃላፊው "አሻጋሪው" ነው የምንላቸው። ሲጠሯቸው አቤት ስለሚሉ ስሙ ጸድቆ ቀርቷል።

የሚያሻግሩት ሰው ወይም ዕቃ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉም በፊት ተነስቶ ሌላውን ሁሉ የሚያስተናግድ ፕሮግራም አለ፤ ስርዓተ ክወና ይሉታል። የእኛው ስርዓት ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ክቡርነታቸው ገና ጸጉር በነበራቸው ጊዜ፣ ቁም ሳጥን ለሚያክል ማሽን የተጻፈ ነው። የማሽኑ ልብ ፕሮሰሰሩ ሲሆን ስርዓቱ የሚያውቀው የዚያን ፕሮሰሰር ቋንቋ ብቻ ነበር። ታዲያ ፋብሪካው ያንን ፕሮሰሰር መሥራት አቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን "በቃ፣ ነፍስ ይማር" ብሎ አዲስ ያስገዛል። እሳቸው ግን ስርዓቱን ከነጓዙ አንስተው ወደ ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር አሻገሩት። ያም ሲያረጅ ወደ ሦስተኛ አሻገሩት። "ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋን ኮት፣ ክንዱ ሌላ ቦታ ለበቀለ ሰው እንደማስተካከል ነው" ብለውኛል አንድ ቀን። ነገሩ ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እሳቸው ግን እንዳልገባኝ ገብቷቸዋል።

ሦስት አባባሎች አሏቸው። አንድ ማሽን ላይ ስርዓቱ ሥራ ሲጀምር "ተነስቷል" ይላሉ፤ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ይሄዱበታል። ሰው ማሽኑን ሲወቅስ "ማሽን አይዋሽም" ይላሉ። ሦስተኛው የከበደ ነው፤ ጣታቸውን ቀስረው "የተሻገረ ነገር ሁሉ በትክክል መሻገሩ ይረጋገጥ!" ሲሉ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ምንም ሳያጠፋ ይደነግጣል።

ይህ ሦስተኛው አባባል የመጣው በመጀመሪያው መሻገር ጊዜ በደረሰብን ጉድ ነው። የድሮው ፕሮሰሰር አንድን ቁጥር በሁለት ቁራጭ ሲያስቀምጥ ትልቁን ቁራጭ ያስቀድማል። አዲሱ ደግሞ ትንሹን ያስቀድም ኖሯል። ክቡርነታቸው ከሺህ ቦታ አንዷን ሳያስተካክሉ አለፏት። በማግስቱ ጠዋት ከፍታው ሦስት ሜትር የነበረ ወንዝ መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ከስድሳ አምስት ሆኖ ተመዘገበ። ወረቀቱ ላይ እኛ፣ መስሪያ ቤቱ፣ ጣሪያው ላይ ያለው አንቴና ሳይቀር ውሃ ውስጥ ሰምጠናል። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው መንገዱ ደረቅ መሆኑን አይተው ነው የተረጋጉት። አሻጋሪው ቀስ ብለው ገቡና "ማሽኑ አልዋሸም። እኔ ነኝ ከኋላ ያስነበብኩት" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ካሻገሩ በኋላ እያንዳንዱን ፋይል፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከጥንቱ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያሉ።

ሞባይል መሸጫ ከእሳቸው ጋር መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ገብቼ ነበር። ሻጯ የካሜራውን ጥራት ስትደረድርላቸው ቆይተው "ፕሮሰሰሩ ምን ዓይነት ነው?" አሏት። ልጅቱ ስልኩን አገላብጣ አየችና "ሰማያዊ ነው" አለች። እሳቸው ሳይስቁ "አመሰግናለሁ" ብለው ወጡ። መንገድ ላይ "ሰማያዊ ላይ እንኳ ሞክሬ አላውቅም" ሲሉ፣ ቀልደው ይሁን ከልባቸው ግራ ገባኝ።

እህታቸውማ ያየችውን እሷ ታውቃለች። አንድ እሁድ ሊጠይቋት ሄደው ከቴሌቪዥኗ ሥር ያለውን ዲኮደር አዩት። "ትንሽ ልየውና እመልሰዋለሁ" አሉ። ትንሹ ሦስት ሳምንት ሆነ። መልሰው ሲሰኩት የምትከታተለው ድራማ ቀርቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ፦ "ደህና መጡ። አሁን ያሉ ሰዎች ብዛት፦ 1።"

"ወንድሜ፣ ድራማዬስ?"

"እህቴ፣ ይህ ስርዓት የተነሳበት ዲኮደር በዓለም ላይ ያንቺ ብቻ ነው።"

"እሰየው! በል አሁን መልሰህ አስተኛውና ድራማዬን አምጣልኝ።"

ይህን የነገረችኝ እሷው ናት። እሳቸው ስልክ አያነሱም፤ እሷ ስትቸገር ወደ መዝገብ ቤት ትደውላለች። መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ። ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ እስከ ጣሪያ በቆሙ መደርደሪያዎች መሃል ተቀምጬ ፋይል ለሚፈልግ ሰው ፋይል አወጣለሁ። ሁሉም ነገር ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ ወዲህ ፋይል የሚፈልግ ሰው ጠፍቷል። እህታቸው ስትደውል ደስ የሚለኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። "በልቷል?" ትለኛለች ሁልጊዜ። አላውቅም ላለማለት "አዎ" እላታለሁ።

መብላቱንስ ይበላሉ፤ ክፍል 9 ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አዙረው፣ የምሳ ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ፤ በሁለተኛው ላይ የተፈታ ማሽን ስለተቀመጠ እንግዳ ቢመጣም የሚቆመው በር ላይ ነው። አንድ ጊዜ ለማግባት ተቃርበው ነበር ይባላል። ልጅቱ "ታዲያ መቼ ነው?" ስትላቸው "ሲነሳ" ብለው መለሱላት። ስርዓቱም በወሩ ተነሳ፤ ልጅቱ ግን ከዚያ በፊት ሄዳለች። ይህን ወሬ ሻይ ቤት ውስጥ ሲያወሩት እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ስክሪኑ ላይ ስለሚመጣው ቁጥር ልንገራችሁ። ስርዓቱ ጠዋት ስትገቡ ሰላምታ ይሰጥና በዚያ ሰዓት ስንት ሰው እየሠራበት እንዳለ ይናገራል። በደጉ ዘመን "41" ይል ነበር። ያኔ መስሪያ ቤቱ በሙሉ በአንድ ማሽን ነበር የሚሠራው፤ የእያንዳንዱ ሰው መግቢያም ስሙ ሳይሆን የጠረጴዛው ቁጥር ነበር። እኔ ጠረጴዛ 17 ነበርኩ። በኋላ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች መጡና ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ቁጥሩ ሠላሳ ሆነ፤ ሃያ ሆነ። እኔ ስወጣ ከአሥራ ሦስት ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። የወንዝ መለኪያዎቹን ቁጥር የሚቀበለው ያው የድሮው ስርዓት ስለሆነ ማሽኑ አልተጣለም፤ ሰው ግን አልቀረበትም። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ክቡርነታቸው በየጠዋቱ ሲገቡ የሚያነቡት "1" ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቦታ የጠበበው ሰው ነው። ክፍል 9 የስብሰባ ክፍል እንዲሆን ወሰነ። ሦስተኛው ማሽን፣ ማቀዝቀዣ የሚያክለው፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ በወሩ 30 ተጭኖ እንዲወጣ ታዘዘ። አሻጋሪው ለመኑት፤ ሲለምኑ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሱም አንድ ዕድል ሰጣቸው። "ሳሙና በምታክል የኮምፒዩተር ቦርድ ላይ አሻግረዋለሁ ብለዋል አይደል? ይኸውልዎ ቅጽ። 'ስርዓቱ ያለ ስህተት ይሠራል' ይላል። ይፈርሙልኝና ቦርዷ ትቀጥላለች። እስከ 30 ካልፈረሙ ግን የወንዙን ሥራ ወደ አዲስ ስርዓት አዞረዋለሁ፤ የእርስዎም ይዘጋል።"

ይህ ለሌላ ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስንቶቻችን ነን ያላነበብነው ቅጽ ላይ የፈረምነው? አሻጋሪው ግን "ያለ ስህተት" የሚለውን ቃል አንዴ አይተው ቅጹን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሁለት ወር ሙሉ ሠሩ። ቦርዷ ላይ ስርዓቱ ተነሳ። የሁሉንም ፋይል ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ በጠፋ የመኪና ቁልፍና በእግር ኳስ ጨዋታ ማስታወቂያ መሃል፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጠፉ። "ስርዓቱ ተሻግሯል። የቀድሞ ተጠቃሚዎች በቀድሞው የጠረጴዛ ቁጥርና የይለፍ ቃል ከማንኛውም ኮምፒዩተር መግባት ይችላሉ። ክፍል 9።"

ማንም አልገባም። ወረቀቱ ዳር ዳሩ እየተጠቀለለ ሁለት ሳምንት ቆየ። የመኪናው ቁልፍ ተገኝቶ ማስታወቂያው ሲነሳ የአሻጋሪው ወረቀት ብቻውን ቀረ። በየጠዋቱ ሳልፍ አየዋለሁ፤ አንጀቴን ይበላኝና እረሳዋለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እንደተለመደው ማንም ሳይመጣብኝ፣ እስቲ ብዬ "ጠረጴዛ 17" ብዬ ጻፍኩ። የይለፍ ቃሉን አእምሮዬ ረስቶታል፤ ጣቶቼ ግን ያውቁታል። ገባ። "ደህና መጡ። አሁን ያሉ ሰዎች ብዛት፦ 2።" ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ትቼው የወጣሁት ሁሉ እንዳለ ተቀምጧል። ፋይሎቼን ከፈትኩ። ከመካከላቸው አንዱን ሳነብ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

"ለዋና ሥራ አስኪያጅ። ጉዳዩ፦ የማሽን ክፍሉን ባልደረባ ስለማዛወር" ይላል። አንድ ቀን ማሽኑን ሳይነግሩን አጥፍተው የግማሽ ቀን ሥራዬ ጠፍቶብኝ ነበር፤ በንዴት የጀመርኩት ክስ ነው። "ይህ ሰው ላለፉት ሰባት ዓመታት ማሽንን ከሰው አብልጦ ሲወድ ቆይቷል። ስለዚህ ማሽን ወደሌለበት፣ ሰው ወዳለበት ክፍል እንዲዛወር" ይልና ይቆማል። ምን አስነስቶኝ እንዳቋረጥኩት አላስታውስም። ሰውዬው የገዛ ክሳቸውን ሦስት ፕሮሰሰር አሻግረው፣ አንዲት ፊደል ሳይጥሉ፣ ሳሙና የምታክል ቦርድ ላይ አስቀምጠውልኛል።

ልሰርዘው ነበር። ጣቴ እምቢ አለኝ። መውጣትም አልሆነልኝም፤ "2" የሚለውን ቁጥር እያየሁ ተቀመጥኩ። ምድር ቤት ውስጥ ዓመታት ስኖር ሁለት ሆኜ አላውቅም። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፦ ደስ አለኝ። ማክሰኞም ገባሁ። ረቡዕም። ጠዋት ቦርሳዬን እንዳስቀመጥኩ እገባለሁ፤ ማታ ስወጣ እወጣለሁ። በመሃሉ ምንም አልሠራም።

አሁን ወደ ሦስተኛ ፎቅ እንውጣ። ሁለት ሳምንት እንግዳ የጠበቀ ሰው፣ እንግዳ ሲመጣለት ምን ያደርጋል? እናንተ ብትሆኑ "ማነህ?" ትላላችሁ። ክቡር አሻጋሪው ግን "2" የሚለውን አይተው "ስህተት" ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ምክንያት ነበራቸው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ምክንያት አያጡም። ስርዓቱ ከኔትወርክ በፊት የተጻፈ በመሆኑ የጠረጴዛ ቁጥር እንጂ ማን ከየት እንደገባ አያውቅም። ጠረጴዛ 17 ደግሞ የለም። የድሮው ቢሮ ግድግዳ ሲፈርስ ተሰባብሮ በጋሪ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ይህ ከድሮው ዲስክ የመጣ፣ አዲሱ ፕሮሰሰር በትክክል ያላጸዳው ትርፍራፊ ነው ብለው ደመደሙ። ሰው ገብቶ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ለአፍታም በአእምሯቸው አላለፈም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማን ገብቶ ያውቃል?

ሻይ ቤት ውስጥ ለተላላኪው ሲነግሩት ነው የሰማሁት።

"ስህተቱ ተንኮለኛ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው የሚታየው።"

"ቅዳሜ ያርፋል?"

"ቅዳሜና እሁድ የለም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር ይመጣል። ስድስት ተኩል ላይ ይጠፋል። ሰባት ተኩል ላይ ይመለሳል።"

"ጋሼ፣ ስህተትዎ ምሳ ይወጣል ማለት ነው?"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። "ሙቀት ነው የጠረጠርኩት" አሉና ብርጭቋቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። እኔ ግድግዳውን እያየሁ ቀረሁ። ያን ጊዜ ተነስቼ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ፤ ያ ሁሉ ሰው ፊት ግን አሳፈረኝ፤ ለራሴም ለእሳቸውም። ክሱም አለ። ገብታ ምን ስታይ ነበር ቢሉኝስ?

ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ሳምንት አለፈ። በዚያ ሳምንት ቦርዷ ላይ የጠረጴዛ ማራገቢያ አቆሙባት። የኤሌክትሪክ መስመሩን ከሊፍቱ ለይተው በሌላ ሶኬት አደረጉት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሊፍቱ ስለሚበዛበት ነው ብለው። ሦስት ሺህ መስመር ጽሑፍ እንደገና አነበቡ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ከሥራ ቀረሁ፤ ያን ዕለት "አገኘሁት! ማራገቢያው ነው!" ብለው ኮሪደሩን እንደ ድሮው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት አሉ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ተመለስኩባቸው። መመለስ አልነበረብኝም፤ አውቃለሁ። አንድ ቀን ተለይቼ ናፍቆኝ ነበር።

በ28 ከሰዓት በኋላ ቆርጬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩ ክፍት ነው። ግማሹ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ጺማቸው አድጓል። ሁለተኛው ወንበር ላይ ያው የተፈታ ማሽን ስላለ በር ላይ ቆምኩ።

"እንደምን ዋሉ?"

"ደህና አይደለችም" አሉ። ስለ ቦርዷ ነው። "ሁሉንም አሻግሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይዋሻል።"

"ፈርመው ቢሰጡትስ? ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለኋ፣ እህቴ። ሁለት ሰው ሳይኖር ሁለት ሰው አለ የሚል ነገር ላይ ያለ ስህተት ይሠራል ብዬ እፈርማለሁ?"

"ምናልባት ... ሰው ቢሆንስ?"

ቀና ብለው አዩኝ። ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። "ማን?" አሉ። ይህችን አንዲት ቃል ያሉበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምሬት የለበትም፤ ቁጣ የለበትም፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። ከዚያ ስክሪኑን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦ "ወስኛለሁ። ነገ ጠዋት ከመታየቱ በፊት ጠረጴዛ 17ን ከነፋይሎቹ እሰርዘዋለሁ። በሠላሳ ዓመት የማንንም ነገር ሰርዤ አላውቅም። ግን እሱ ካልወጣ ሌላው ሁሉ አይድንም።"

አፌን ከፈትኩ። "ይቅናዎት" ብያቸው ወረድኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እያልኩ ነው ደረጃውን የጨረስኩት።

በማግስቱ ጥበቃው በር ሳይከፍት ደረስኩ። ኮቴን ሳላወልቅ ገባሁ። "ደህና መጡ። አሁን ያሉ ሰዎች ብዛት፦ 2።" እሳቸው እዚያው አድረዋል ማለት ነው፤ ምናልባት ጣታቸው ሰርዝ የሚለው ላይ ነው። በድሮው ስርዓት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ መልእክት መላክ ይቻል ነበር፤ ድሮ ምሳ ስንቀጣጠር የምንጠቀምበት ነው። ጻፍኩ፦

"አይሰርዙኝ። ስህተት አይደለሁም። የመዝገብ ቤቷ ነኝ። ማሽን አይዋሽም ብለውን አልነበረም?"

ላክሁት። ምንም አልመጣም። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አሻጋሪው ምድር ቤት ወርደው አያውቁም። በመደርደሪያዎቹ መሃል ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው መጡና ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። መጀመሪያ እኔን ሳይሆን ስክሪኔን ነው ያዩት። ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት።

"ስድስት ተኩል ላይ የምትጠፊው ለምንድን ነው?"

"ምሳ ልበላ።"

ጻፉ። "ባለፈው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሃያ ደቂቃ?"

"ሻይ ልጠጣ።"

"ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ?"

"ጉንፋን ይዞኝ።"

"ጉንፋን" ብለው ጻፉ። እርሳሱ ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ሲጠርጉ፣ ሲጠርጉ፣ ከሚገባው በላይ ረዘመ። ወንበር ሳብ አደረግሁላቸው። እኔ ጋ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው፤ ሁልጊዜም ባዶ ነበር። ተቀመጡ። ቅጹን ከደረት ኪሳቸው አወጡና እኔው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፈረሙ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። አንድ ... አንድ የድሮ ደብዳቤ ስላለ አፈርኩ።"

"ሰባት ዓመት ያልሽው ስድስት ዓመት ከአራት ወር ነው" አሉ። "አላረምኩትም።"

ክው አልኩ። "አንብበውታል?"

"የተሻገረ ነገር ሁሉ በትክክል መሻገሩ ይረጋገጥ" አሉ፤ ግን ጣታቸውን አልቀሰሩም። "ሦስት ጊዜ ነው ያስተያየሁት። ሦስቱም ጊዜ መጨረሻው ላይ 'እንዲዛወር' ብሎ ይቆማል። የቀረው በመሻገር ላይ የጠፋ እንዳይሆን ሰግቼ ነበር።"

"አልጠፋም። አልጨረስኩትም።"

"እሱን ማወቄ ጥሩ ነው" አሉና ይህንንም ጻፉት።

ቦርዷ አሁን የኔትወርክ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ መብራቷን እያበራች ትሠራለች። ክፍል 9 ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ስለሚቀጥለው ስብሰባ ይወያያሉ። ክቡርነታቸው በአራተኛው ፎቅ ኮሪደር ጫፍ፣ በእንጨት የተከለለች ጠባብ ቦታ ተሰጥቷቸው፣ የእህታቸው ዲኮደር ከተቆጠረ፣ አምስተኛውን መሻገር ጀምረዋል፤ ፕሮሰሰሩ ሰማያዊ አይደለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ምድር ቤት ወርደው አያውቁም። እኔም ወደ ላይ አልወጣም። የምንነጋገረው ነገርም የለን። በየጠዋቱ ግን ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ እገባለሁ፤ "2" ይላል፤ ሁለታችንም ወደየሥራችን እንሄዳለን። እህታቸው ደውላ "በልቷል?" ስትለኝም አሁን የማውቀው ነገር አለ፤ ስድስት ተኩል ላይ እሳቸውም ከስርዓቱ መውጣት ጀምረዋል።

ባለፈው ሰኞ አውቶቡስ ተበላሽቶብኝ አርፍጄ ገባሁ። የምድር ቤቱን በር ስከፍት ስልኩ ይጮኻል። እየሮጥኩ አነሳሁት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አሻጋሪው ስልክ ደውለው አያውቁም።

"መዝገብ ቤት?"

"አቤት።"

"ስህተት ሳይኖር አይቀርም" አሉ። "አንድ ይላል።"